ራውተሩ ለምን አንድ ቻናል ላይ አይረጋም?

ዋይፋይ ቀርፋፋ ሲሆን ሰው ይታገሳል። ጭራሽ ሲጠፋም ቁርጡ ይታወቃል፣ ሌላ መላ ይፈለጋል። የሚያንገበግበው መሀል ላይ ያለው ነው። ቪዲዮ ጥሪ ላይ እያላችሁ ምስሉ ድርቅ ይላል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ስልኩ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ነው። ፍጥነቱን ስትለኩት ቁጥሩ ያምራል። ግን ሥራ አይሠራበትም።

የእኔም ቤት ዋይፋይ እንዲህ ሲያደርገኝ ከርሟል። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ የሰዉ ትዝብት ነው። ስብሰባ ላይ ተራችሁ ደርሶ መናገር ስትጀምሩ ከተቋረጠ፣ ማዶ ያለው ሰው ራውተራችሁ ቻናል (ሲግናሉን የሚልክበትን የሬዲዮ ሞገድ ቦታ) እየቀየረ መሆኑን ከየት ያውቃል? ያልተዘጋጀ ወይም ጥሪውን ከቁም ነገር ያልቆጠረ ሰው ነው የሚመስለው። እህቴ በኢንተርኔት ፈተና ስትፈተን ገጹ ሲደርቅባት ፊቷ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ ካየሁ በኋላ ግን ነገሩን እስከ ሥሩ ሳልደርስበት ላልተወው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ መለየት ነው። ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት፣ ስልኩን በዋይፋይ ተውኩት፣ ከዚያ ከሁለቱም ወደ ራውተሩ አድራሻ ፒንግ (አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ መለኪያ) አስጀመርኩ። ልብ በሉ፣ ፒንጉ ወደ ውጭ ኢንተርኔት አይሄድም፤ እዚያው ቤት ውስጥ ወዳለው ራውተር ነው። በኬብል ያለው ሳያዛንፍ፣ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ ሳይሞላ እየተመለሰ ቀጠለ። የስልኩ ግን ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት መልስ ያጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ይህን ካያችሁ መስመሩንም አገልግሎት ሰጪውንም መውቀስ አይቻልም። ጉዳዩ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለው አየር ላይ ነው።

ቀጥሎ የዋይፋይ መመልከቻ አፕ ከፈትኩ። እነዚህ አፖች በአካባቢው ያለውን እያንዳንዱን ኔትወርክ እንደ ቅስት አድርገው ይስሉታል፤ ከታች የቻናሉ ቁጥር አለ፣ ቅስቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው። የእኔን ቅስት መጀመሪያ ያየሁት ቻናል 6 ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳየው 1 ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ 11 ላይ። ራውተሩ በሁለት ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ይሠራል፣ እነዚህ ቻናሎች የ2.4 ጊጋኸርዙ ናቸው። የ5 ጊጋኸርዙም ያው ነው፣ 52 ላይ የነበረው ሄዶ 36 ላይ ይገኛል። ፒንጉ መልስ የሚያጣው ደግሞ ልክ ቅስቱ በሚዘልበት ሰዓት ነው። በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ፣ ዓይኔን በሁለቱ ስክሪኖች መካከል እያመላለስኩ ይህን ሳይ በቃ፣ ያገኘሁት መሰለኝ።

ግን ገና ነበር። ቻናሉ እንደሚቀየር ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ለምን እንደሚቀየር ማወቅ ሌላ። አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክር "ሴቲንግ ውስጥ ግባና ቻናሉን ቆልፈው፣ አለቀ" የሚል ነው። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ራውተር ያለ ምክንያት ቻናል አይቀይርም፤ ምክንያቱን ሳታውቁ ከቆለፋችሁት ወይ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ ይብሳል።

ከሁሉም በፊት ማየት ያለባችሁ አንድ ተራ ነገር አለ። የራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ ከተነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነው የሚናገር መስመር ይኖራል። ቁጥሩን አስታውሱትና ቻናሉ ከተቀየረ በኋላ መልሳችሁ እዩት። ከዜሮ ከጀመረ ራውተሩ ራሱን በራሱ እየዘጋ እየተነሳ ነው ማለት ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች ሲነሱ አካባቢውን ፈትሸው ቻናል እንደ አዲስ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ የቻናሉ መቀያየር ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም። ጥፋተኛው የደከመ ቻርጀር፣ የላላ ሶኬት ወይም ሙቀት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ራውተር ላይ ቻናል ብትቆልፉ ምንም አይለወጥም፣ መቋረጡ ይቀጥላል። የእኔ ሰዓቱን ሳያቋርጥ ይቆጥር ስለነበር ይህን አልፌ ሄድኩ።

አሁን ቻናል ምን እንደሆነ ትንሽ እንየው፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብዙ አገሮች ከ1 እስከ 13 ያሉትን ቻናሎች ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ 11 ብቻ። ብዙ ምርጫ ያለ ይመስላል። የለም። ከአንዱ ቻናል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ የዋይፋይ ሲግናል ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉት ቻናሎች እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሳይነካኩ አብረው የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በእርግጥ ያሉን ሦስት ቦታዎች ናቸው፤ ብዙ ቤት በተጠጋጋበት ቦታ ደግሞ ሦስቱም ሰው አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አፑን ከፍቶ 1 ላይም 6 ላይም ሰው ሲያይ "መሀሉ ባዶ ነው" ብሎ 3 ወይም 4 ላይ ይቀመጣል። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች አንዱ የሌላውን ሲግናል ማንበብ ስለሚችሉ ተራ ይጠብቃሉ። ሌላው በጣም ደካማ ሆኖ፣ -82 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጠነክራል) አካባቢ ሆኖ ቢሰማ እንኳ ዝም ብለው ያሳልፉታል። በግማሽ የተደራረበ ቻናል ላይ ሲሆኑ ግን ሲግናሉን ማንበብ አይችሉም፣ ዝም ብሎ ጩኸት ነው የሚሆንባቸው። ጩኸት ከሆነ ደግሞ ቦታው ተይዟል ብለው የሚቆጥሩት -62 ዲቢኤም ያህል ሲጠነክር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጎረቤት ማንም አይጠብቀውም፣ እሱም ማንንም አይጠብቅም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ያወራሉ፣ የሁለቱም ይበላሻል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል ላይ ሆኖ ተራ መጠበቅ መሀል ከመግባት ይሻላል። አንዳንድ ራውተር በኦቶ (ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተትቶ) ሲመርጥ 3 ወይም 9 ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ። የሚቆጥረው ልክ በዚያ ቁጥር ላይ ስንት ኔትወርክ እንዳለ ከሆነ እንዲህ መሳሳቱ አይገርምም።

ወደ እኔ ቤት ልመለስ። የ2.4 ጊጋኸርዙን ነገር ለማየት የራሴን ትቼ የሌሎቹን ቅስቶች መከታተል ጀመርኩ። ከሁሉም ጠንካራ የሆነው አንዱ ልክ እንደ እኔው ይዘላል። እኔ 6 ላይ ስሆን እሱ ወደ 6 ይመጣል፤ የእኔ ራውተር ቦታው ተጨናነቀ ብሎ ወደ 1 ይሄዳል፤ ቆየት ብሎ እሱም 1 ላይ ነው። ጠባብ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ለመተላለፍ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን እንደሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ኦቶ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም በየተወሰነ ጊዜ ይፈትሻሉ፣ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ሌላኛው ሊለቅ ያለውን ቦታ ነው።

ጎረቤቴን በር አንኳኩቼ ጠየቅኩት። "ያንተም ዋይፋይ ይቆራረጣል እንዴ?"

"ኧረ ተወኝ! እኔ እኮ የመስመሩ ችግር መስሎኝ ስንቴ ደውዬ አማርሬያለሁ!" አለኝ።

ላፕቶፑን ይዤ ገባሁና አፑን አሳየሁት። ሁለቱ ቅስቶች ሲከታተሉ እያየ ቆየና "ታዲያ አንዳችን እንቁም" አለ። የእኔን 1 ላይ፣ የእሱን 11 ላይ አቆምናቸው። ሁለቱንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረድናቸው፣ 2.4 ላይ 40 ሜጋኸርዝ ማለት ካለው ቦታ አብዛኛውን ለብቻ መያዝ ማለት ስለሆነ። በዚያው የ2.4 ጊጋኸርዙ ዝላይ ቆመ። ስለዋይፋይ ከተማርኩት ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ግድግዳ የለያየን ሰዎች አንድ አየር እንደምንጋራ፣ የአንዱ ሴቲንግ የሌላውን ቤት እንደሚነካ በዓይኔ አየሁት።

ከጎረቤት ራውተር ሌላ ይህን ባንድ የሚረብሹ ነገሮች አሉ። ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኦቶ ላይ ያለ ራውተር ፍተሻው ማይክሮዌቩ በሚሠራበት ደቂቃ ላይ ከዋለ ሸሽቶ ወደ ሌላ ቻናል ይሄዳል፣ ማይክሮዌቩ ግን ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ጠፍቷል። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ከራውተሩ ጀርባ የተሰካ ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3 ገመድና መሣሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጩኸት እንደሚፈጥር አሳይቷል። ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ለጥቂት ሰዓት ነቅላችሁ እዩት።

የ5 ጊጋኸርዙ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የገረመኝም እሱ ነው። እዚያ ቦታ በሽ ነው፣ ጎረቤት ብዙም አይደርስም፣ ታዲያ ራውተሩ ከምን ይሸሻል? መልሱ የተገኘው ሎጉ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ከፍተን የማናየው ገጽ ነው፣ ግን ራውተሩ ያደረገውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፈው እዚያ ነው። ስልኩ በተቋረጠበት ሰዓት ትክክል ራዳር ተገኝቷል የሚል መስመር ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ቻናል መቀየሩን የሚናገር።

ራዳር! ቤቴ ውስጥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የ5 ጊጋኸርዝ የተወሰነው ክፍል ከዋይፋይ በፊት ባለቤት ነበረው፤ የአየር ሁኔታ ራዳሮችና የወታደር ራዳሮች ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ ዋይፋይ ይህን ቦታ እንዲጋራ ሲፈቀድ፣ ራዳር ከሰማ ወዲያው እንዲለቅ በሚል ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ዲኤፍኤስ ይባላል። ብዙ አገር ውስጥ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉትን ቻናሎች ይመለከታል። ራውተሩ እዚህ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፤ በአውሮፓ ደንብ ደግሞ የአየር ሁኔታ ራዳሮች ባሉበት ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ላይ ማዳመጡ 10 ደቂቃ ነው። ገብቶ እየሠራ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለበት፣ ወደዚያ ቻናል ለ30 ደቂቃ መመለስም አይችልም።

ይህን ሳነብ ደንቡ ላይ የነበረኝ ብስጭት ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ውስጥ ያለ የአየር ሁኔታ ራዳር በ5 ጊጋኸርዝ በሚሠሩ ገመድ አልባ መሣሪያዎች እንደሚታወክ ተደርሶበታል። ያ ራዳር ኤርፖርት አካባቢ ድንገት የሚነሳን አደገኛ ነፋስ ለይቶ ለማስጠንቀቅ የተተከለ ነው። አንዳንድ ሰው ከዲኤፍኤስ ለማምለጥ ራውተሩ ላይ የሌላ አገር ስም መርጦ ደንቡን ያልፈዋል። እባካችሁ አታድርጉት። የእኔ ቪዲዮ እንዳይቆራረጥ ተብሎ የአንድ አውሮፕላን ማስጠንቀቂያ መደብዘዝ የለበትም።

ራውተሩ የሰማው ሁልጊዜ እውነተኛ ራዳር ነው ማለትም አይደለም። የሚፈልገው በእኩል ልዩነት የሚደጋገሙ አጫጭር ምቶችን ነው፤ የሌላ መሣሪያ ሲግናል አንዳንዴ ያንን ይመስልበታል። ደንቡ ግን "ምናልባት" አያውቅም። የመሰለው ሁሉ ራዳር ነው፣ ይለቃል።

ታዲያ የእኔ ራውተር መጀመሪያውኑ እዚያ ምን አስገባው? የቻናሉ ስፋት ነው። ሴቲንጉ 160 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት የሚገኘው በሱ ስለሆነ። በ5 ጊጋኸርዝ የተለመዱት የ160 ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ከ36 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 128። ሁለቱም ውስጥ የዲኤፍኤስ ቻናሎች አሉ። ስለዚህ 160ን መርጣችሁ ከራዳር ደንቡ ውጭ መሆን አትችሉም፣ ቻናሉን 36 ብላችሁ ብትቆልፉትም። ስሙ 36 ይሁን እንጂ ግማሽ አካሉ 52 እና ከዚያ በላይ ነው ያለው። ቻናሉን ቆልፈው "አሁንም ይዘላል!" የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ስፋቱን ወደ 80 አወረድኩት፣ ቻናሉን 36 አደረግኩት። ከ36 እስከ 48 ያለው አንድ ሙሉ የ80 ቦታ ነው፣ የራዳር ግዴታ የለበትም። በብዙ አገር 149 እስከ 161ም እንዲሁ ነው። ያጣሁት ምንድን ነው? ዋይፋይ 6 ያለው ባለሁለት አንቴና ስልክ በ160 እስከ 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ይገናኛል፣ በ80 ግን 1201። በወረቀት ላይ ግማሹ ሄደ። ግን የቤቴ መስመር ከዚያ ሁሉ በጣም ያነሰ ስለሆነ በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። ያገኘሁት ደግሞ ሳይቋረጥ የሚያልቅ ጥሪ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ጥያቄ አያስነሳም፤ የቤት ዋይፋይ ከመፍጠኑ በፊት መርጋት አለበት። ሻጮች መርጋትን በቁጥር ካርቶን ላይ መጻፍ ስለማይችሉ ማንም አያወራበትም።

ሰው አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ቻናል ሲቀየር ለምን ይቋረጣል፣ ስልኩ ዝም ብሎ መከተል አይችልም? ይችላል። ራውተር በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ "አለሁ" የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ ከመዝለሉ በፊት እዚያ ላይ የሚሄድበትን ቻናል ማሳወቅ ይችላል። ይህም ለ5 ጊጋኸርዝ ደንቦች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.11ኤች የሚባለው የዋይፋይ መስፈርት ማሻሻያ ያመጣው ነው። ራውተሩ በትክክል ከላከው፣ ስልኩም ካነበበው፣ ዝላዩ ሳይታወቅ ያልፋል። ችግሩ ሁሉም መሣሪያ አለማንበቡ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ርካሽ ካሜራ ወይም ስማርት አምፖል ራውተሩ የሄደበትን ሳያውቅ ባዶ ቻናል ላይ ይቀርና እንደ አዲስ ፍለጋ ይጀምራል። አንድ ቤት ውስጥ ስልኩ ደህና ሆኖ ካሜራው ብቻ የሚጠፋው ለዚህ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ 12 እና 13ን ጭራሽ አያይም፤ ኦቶው ወደዚያ ከወሰደው ኔትወርኩ ለዚያ መሣሪያ የለም። 13 ባዶ ነው ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ቻናል የተቀየረ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገርም አለ። 2.4ና 5 አንድ ስም ከተሰጣቸው ስልኩ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ አፑ ላይ አንዴ 6፣ አንዴ 36 ታያላችሁ። ራውተሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ የተንቀሳቀሰው ስልኩ ነው። ለጊዜው ስማቸውን ለዩና ተመልከቱ፣ ወዲያው ይገለጣል።

ኦቶን ሁልጊዜ አጥፉ ማለቴ አይደለም። ቤታችሁ ራቅ ያለ ከሆነና ጎረቤት ከሌለ፣ ወይም ራውተሩ ሲነሳ ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ይቆይ፣ ችግር የለውም። ሜሽ (አንድ ላይ ሆነው ቤቱን የሚሸፍኑ ብዙ ራውተሮች) ካላችሁ ደግሞ ሁሉም ራውተሮች የሚነጋገሩበት ቻናል ዋናው ላይ ስለሚወሰን አንዱን ለብቻው ለማስተካከል አትልፉ። 6 ጊጋኸርዝ ያለው አዲስ ራውተርና ስልክ ካላችሁ እዚያ ዲኤፍኤስ የለም፣ 160ን እዚያ ተጠቀሙበት።

የእኔ አሁን 1 እና 36 ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ከነስፋታቸው ጽፌ ራውተሩ ሥር ለጥፌያለሁ፣ ለጎረቤቴም እንዲሁ። ምክንያቱም አንዳንድ የሶፍትዌር አፕዴት ሴቲንጉን ወደ ኦቶና ወደ 160 ይመልሰዋል፣ ይህንንም ማንም አይነግራችሁም። አፕዴት ከተደረገ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ መጀመሪያ የማየው ያንን ገጽ ነው፣ ከዚያ ሎጉን።